የማህፀን ምርመራና ብዙዎቻችን የምንሳሳታቸው ነገሮች

የማህፀን ምርመራ ሲነሳ የብዙ ሴት ፊት ይለዋወጣል። አንዷ «ያማል አሉ» ትላለች፣ ሌላዋ «ወልጄ ስጨርስ አየዋለሁ»፣ ሦስተኛዋ ወሬውን ቶሎ ትቀይራለች። አልጋው ላይ የምትቆይው ግን ቢበዛ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ቢሆን ነው። ነገሩን የሚያከብደው ሳናውቅ መግባታችን፣ ገብተንም የሚሰማንን ሳንናገር መውጣታችን ነው። እስቲ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

እስኪያም መጠበቅ

ትልቁ ይሄ ነው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነው፤ ሲጀምር ግን ምንም ምልክት የለውም። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ይይዘዋል፣ ሰውነቱም በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንዷ ላይ ግን አልወጣም ብሎ ይቀመጥና የማህፀን በር ሴሎችን ቀስ እያለ ይለውጣል። ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከ10 ዓመት በላይ! ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥቶን ነው የሚቀድመን። ከግንኙነት በኋላ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብ ሕመም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ገፍቷል።

«ባለትዳር ነኝ፣ ከባሌ ሌላ አላውቅም» የምትይም አለሽ። አንድ ሰው ይበቃል። እሱ ደግሞ ከዓመታት በፊት ይዞት፣ ምንም ሳይሰማው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንም ማንንም መጠርጠር አያስፈልገውም፣ መመርመር ነው እንጂ።

አገር ቤት የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራው በዋናነት የታሰበው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች፣ ቶሎ ቶሎም ትታያለች፤ ኤችፒቪ በእሷ ላይ ስለሚፈጥን። ልጅሽ የኤችፒቪ ክትባቱን ወስዳ ከሆነ (በኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው) እሰየው፣ ግን ስታድግ ምርመራው አይቀርላትም። ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች አይሸፍንም።

ጠበል የምትሄጂም ሂጂ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«አልትራሳውንድ ታይቻለሁ፣ ምንም የለም ተብያለሁ»

ይሄን ስንቴ ሰምተሻል? አልትራሳውንድ የማህፀንን መጠን፣ እጢን፣ እንቁልጢን ያሳያል። የማህፀን በር ላይ መለወጥ የጀመረ ሴል ግን አያሳይም። ምርመራዎቹ የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

አንደኛው ስፔኩለም በሚባል መክፈቻ ከፍቶ የማህፀን በርን በዓይን ማየት ነው። ሁለተኛው በእጅ መፈተሽ ነው፦ ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ሁለት ጣት ያስገባል፣ በሌላው እጁ ሆድሽን ከላይ ጫን እያለ የማህፀንሽን መጠንና የሚያምሽን ቦታ ያያል። ሦስተኛው ከማህፀን በር ናሙና መውሰድ ነው፤ ፓፕ (የተለወጠ ሴል የሚፈለግበት) ወይም የኤችፒቪ ምርመራ (ቫይረሱ የሚፈለግበት) የሚባለው። ሦስቱም በአንድ ቀን ሊሠሩልሽ ይችላሉ፣ አንዱ ብቻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ታይቻለሁ» ብለሽ ከመውጣትሽ በፊት «ዛሬ የተሠራልኝ የትኛው ነው? ናሙና ተወስዷል?» በይ። ፓፕ ንጹሕ ነው ማለት የአባላዘር በሽታ የለም ማለት እንዳልሆነም ልብ በይ፤ እሱ ለብቻው ነው የሚመረመረው።

በተቃራኒው «በየዓመቱ ካልተፈተሽኩ» ብሎ መጨነቅም አለ። ምንም ሕመም የሌላትን ሴት በየዓመቱ በእጅ መፈተሽ ጥቅሙ አልታየም ብሎ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳይደረግ መክሯል። ናሙናውም በየዓመቱ አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ፓፕ ከ21 ዓመት ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ነው፣ ከ30 በኋላ የኤችፒቪ ምርመራ ከተጨመረ በየ5 ዓመቱ። እዛው ያላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ብዙ ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ በእናታችሁ! ስለ እናቷ ማህፀን የ12 ዓመት ልጅ ምን ብላ ታስተርጉም?

ዝግጅት ማብዛት

ነገ ምርመራ አለኝ ብላ ውስጧን በሳሙና የምታጥብ ብዙ ናት። ንጹሕ ሆኖ ለመቅረብ ነው፣ ይገባኛል። ግን መታየት ያለበትን ነገር ነው አጥበሽ የምታስወጪው፣ ቆዳውም ይቆጣል። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ወደ ውስጥ መታጠብ፣ በብልት የሚገባ ክሬም ወይም ኪኒን፣ ግንኙነትም ይቅር። ከውጭ በውሃ መታጠብ ይበቃል። ፀጉር መላጨት አያስፈልግም፣ ማንም አያይልሽም።

የወር አበባሽ ላይ ከሆንሽ ቀጠሮውን ቀይሪው። ግን ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም ከሆነ ያመጣሽ፣ ወይም ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ፣ «ደም ላይ ነኝ» ብለሽ እንዳትቀሪ። ሐኪሙ ማየት ያለበት እሱን ነው።

ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ነጠላ ያዢ። ከመግባትሽ በፊት ሽንትሽን ሽኚ፤ ፊኛ ሞልቶ ሆድ ሲጫን ምን እንደሚመስል አስቢው።

አልጋው ላይ መኮማተር

የሚሆነው እንዲህ ነው። ፓንትሽን ታወልቂያለሽ፣ ቀሚስሽን ትሰበስቢያለሽ፣ ነጠላውን ጉልበትሽ ላይ ትጥያለሽ። «ትንሽ ወደ ታች ውረጂ» ትልሻለች ሲስተሯ። ትወርጃለሽ። «አሁንም ትንሽ።» ሁሌም ካሰብሽው በላይ ነው፤ መቀመጫሽ የአልጋው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚበቃው። ከዚያ ስፔኩለሙ ይመጣል፣ የዳክዬ አፍ የመሰለ የብረት ወይም የፕላስቲክ መክፈቻ። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ሲከፈትም ቀጭ ይላል፤ ድምፁ ነው የሚያስደነግጠው። በዚህ ሰዓት አብዛኞቻችን ትንፋሽ ይዘን፣ ጥርስ ነክሰን፣ ጭናችንን እንገጥማለን። ጡንቻው ሲጠብቅ ነው እንግዲህ የሚያመው። በአፍሽ ረጅም ትንፋሽ አውጪ፣ መቀመጫሽን አልጋው ላይ ልቀቂው። መጫን ሊሰማሽ ይችላል፣ ኃይለኛ ሕመም ግን «ቻይው» የሚባል አይደለም። «ቁሚ» ወይም «ቁም» ማለት መብትሽ ነው። አነስ ያለ ስፔኩለም አለ፣ ጠይቂ።

ጤና ጣቢያ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው የአቼቶ አሲድ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ በተበጠበጠው ጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባዋለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ሴል ካለ ቦታው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያልፋል። (ቤቷ ያለውን አቼቶ ልሞክር የምትል ካለች፦ በፍጹም!) ይሄ ዘዴ ላረጡ ሴቶች ብዙም አይሆንም፣ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ። ለእነሱ የኤችፒቪ ምርመራ ይሻላል። የእሱን ናሙና በአንዳንድ ቦታ ሴትየዋ ራሷ በጥጥ እንጨት መውሰድ ትችላለች፣ ያለ ስፔኩለም።

አፍሮ መደበቅ

ለሐኪሙ «ሆዴን ያመኛል» ብላ፣ መንገድ ላይ ለጓደኛዋ «ሲገናኘኝ ነው የሚያመኝ» የምትል ሴት አለች። ሐኪሙ ሆድ ሊያይ ነው እንግዲህ። ያሳክካል፣ ይሸታል፣ ደም ይመጣል፣ እንዳለ በይው። ውርጃ ካለ፣ ግርዛት ካለ፣ ተገደሽ ታውቂ ከሆነም ቢነገር ጥሩ ነው፤ መሣሪያውን፣ ፍጥነቱን፣ አያያዙንም ይቀይራል። ባልሽ ወይም እናትሽ አብረው ከገቡና ፊታቸው መናገር ካልቻልሽ «ለብቻዬ ልናገር» በይ፣ የተለመደ ነው።

ግንኙነት ጀምረሽ የማታውቂ ከሆነ ሳትጠየቂም ቀድመሽ ተናገሪ። እንዲህ ላለች ሴት ያለ ከባድ ምክንያት ስፔኩለም አይገባም፣ ብዙውን ነገር ከሆድ በላይ በሚነሳ አልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ሴት ሐኪም ከፈለግሽ ካርድ ስታወጪ ጠይቂ። ከሌለችም ወንዱ ሲያይሽ ነርስ አብራ እንድትቆም ማድረግ ትችያለሽ።

«ፖዘቲቭ» ሲባል መጥፋት

ፖዘቲቭ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። የተለወጠ ሴል ወይም ቫይረሱ ተገኝቷል ማለት ነው፣ የተመረመርሽውም ይሄን በጊዜ ለማግኘት ነው። በድንጋጤ ስልኳን አጥፍታ የምትቀር አለች፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሊድን የሚችለው ያኔ ነው።

ለብዙዎች ሕክምናው እዛው፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን ያልቃል፤ ቦታውን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ማጥፋት ነው፣ ደቂቃዎች ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፣ ሞዴስ ተጠቀሚ። ለአራት ሳምንት ያህል ግንኙነት የለም፤ ባልሽ ቢያኮርፍም የለም። ትኩሳት፣ ከወር አበባ የበዛ ደም፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ተመለሺ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ድጋሚ መታየት አለብሽ። ቀኑን ካርዱ ላይ አስጽፈሽ ውጪ።