የአሮጌ አውሮፕላን ቅርስ አያያዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈ ወዲህ ከተማዋ ብዙ የአውሮፕላን ዓይነቶችን አስተናግዳለች፤ ሙሉ አካላቸው የተረፈው ግን ጥቂት ነው። በ1928 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ከተወሰደች በኋላ ጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ለኢትዮጵያ ያስረከበቻት «ፀሐይ» ከእነዚህ ጥቂቶች አንዷ ናት። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በልደታ በምንኖር የአቪዬሽን ታሪክ ወዳጆች እጅ ያለው በአብዛኛው ቁርጥራጭ ነው፤ የክንፍ ላሜራ፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ሰዓት፣ ፕሮፔለር፣ ፎቶና ቴምብር። በእኔ እምነት ከእርጅና ይልቅ እነዚህን ዕቃዎች የሚጎዳቸው መንስኤው ሳይታወቅ የሚደረግ ጽዳት ነው።

በአሉሚኒየም ላይ ነጭ ዱቄት ሲታይ

ይህ የአሉሚኒየም ዝገት ነው፤ እንደ ብረት ዝገት ስለማይቀላ ብዙዎች አቧራ ይመስላቸዋል። የአውሮፕላን ላሜራ በአብዛኛው መዳብ የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ሲሆን፣ መዳቡ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ እርጥበትን የመቋቋም አቅሙን ግን ይቀንሰዋል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎች በላሜራው ሁለት ገጽ ላይ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን ይለብጡበታል። ላሜራውን እስኪያብለጨልጭ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ የሚፈትግ ሰው ይህንኑ ሽፋን ገፎ ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ክረምት ከቀድሞው የከፋ ዝገት ይዞ ይመጣል።

ዱቄቱ የወጣበትን ቦታ ልብ ብሎ ማየት መንስኤውን ለማወቅ ይረዳል። በቡሎን ዙሪያ ብቻ ከሆነ የብረቱና የአሉሚኒየሙ መነካካት በእርጥበት ታግዞ አሉሚኒየሙን እየበላው ነው። ከታች ጠርዝ ላይ ከተከማቸ ደግሞ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ በአቧራ ወይም በወፍ ጎጆ ተደፍኗል ማለት ነው፤ የወፍ ኩስም ራሱ ብረት ይበላል።

መፍትሄው በመጀመሪያ ዕቃውን ፎቶ ማንሳት፣ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ በተጣራ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅና በመጨረሻ ስስ ሰም መቀባት ነው። አሮጌው ቀለም ከነጽሑፉ ካለ ፈጽሞ አይነካ፤ ከላይኛው ቀለም ሥር የቀድሞ ባለቤት ምልክት ወይም የፋብሪካ ማኅተም ሊኖር ይችላልና። ላሜራው ከጠርዙ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገነጠለ ከሆነ ዝገቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ የጠፋው ብረት አይመለስም፣ በመሮ መፈልፈልም ጉዳቱን ያሰፋዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ በደረቅ ቦታ ተቀምጦ ባለሙያ ይጠብቅ። ከደረጃ ሥር ያለ ዕቃ ቤት በክረምት ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከወለል ከፍ ያለና ከውጭ ግድግዳ የራቀ መደርደሪያ ይሻላል።

ፕሮፔለሩ በእጅ አልዞር ሲል

ዳግላስ ሲ-47ን በመሰሉ አውሮፕላኖች ሞተር ላይ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ፈሳሽ እንደ አየር ስለማይታመቅ በጉልበት የሚያዞር ሰው የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። የታችኞቹን ሲሊንደሮች ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ማፍሰስ፣ ከዚያም በዝግታ ማዞር ተገቢ ነው። ከዚህ በፊት ግን የማግኔቶው ማጥፊያ በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥ ግድ ይላል፤ ማግኔቶ ያለ ባትሪም ብልጭታ ስለሚሰጥ ለሙዚየም የቆመ ሞተር እንኳ ሊነሣና ሰው ሊገድል ይችላል።

የሰዓቱ ቁጥሮች ወደ ቡናማ ሲለወጡና በጨለማ ማብራት ሲያቆሙ

ይህ ምልክት በቀላሉ መታለፍ የለበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የበረራ መቆጣጠሪያዎች ቁጥራቸው በራዲየም ቀለም የተጻፈ ነው። ሥራውን ያቆመው የሚያበራው ንጥረ ነገር ብቻ ነው፤ የራዲየሙ ጨረር ግን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት ዛሬም አለ። ከሁሉ የከፋው ቀለሙ ተፈርፍሮ በትንፋሽ መግባቱ ነው። ስለዚህ መስታወቱ አይከፈት፣ ቁጥሮቹ አይጠረጉ፣ ዕቃው በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጎና «ራዲየም» ተብሎ ተጽፎበት ከመኝታ ክፍልና ከልጆች ይራቅ፤ መስታወቱ የተሰበረ ከሆነ ደግሞ ጨረር የሚቆጣጠረውን የመንግሥት አካል ማማከር ያስፈልጋል።

የፕላስቲክ መስኮት ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ሲበዛ

አሞኒያ ወይም አልኮል ያለበት የመስታወት ማጽጃና ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ባለው ከተማችን የሚበረታው የፀሐይ ጨረር ዋነኞቹ መንስኤዎች ናቸው። በንጹሕ ውኃ ብቻ ይጠረግ፤ በጥላ ይቀመጥ።

ፎቶው የማይገጥም ዓመት ሲይዝ

በእጃችን ካለው ሀብት በብዛቱ ቀዳሚው ፎቶ ነው፤ ስሕተትም የሚበዛው በእርሱ ላይ ነው። በጀርባው «1938» ተብሎ የተጻፈበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲ-47 ፎቶ ሲገኝ አንዳንዱ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ አውሮፕላኑ በእ.ኤ.አ. 1938 ገና አልተሠራምና። መንስኤው የዘመን አቆጣጠር ነው። አየር መንገዱ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ነው፤ ጽሑፉ እውነት ነው ማለት ነው። ሌላ ማመሳከሪያም አለ። ቀደምት አውሮፕላኖች «ኢቲ-ቲ» ብሎ የሚጀምርና በቁጥር የሚጨርስ መለያ ሲኖራቸው፣ በ1955 ዓ.ም. የመጡት ቦይንግ 720ዎች መለያቸው በሙሉ ፊደል ነው። የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ለእነዚህ ጄቶች ስለማይበቃ «ልደታ» ተብሎ የተጻፈበት የቦይንግ ፎቶ ቦታው እንደገና ይጣራ።

የሲ-47 ሰፊ የዕቃ በር ከክንፉ ኋላ በግራ ጎን ነው፤ በፎቶው ላይ በቀኝ ከታየ ኔጋቲቩ ተገልብጦ ታትሟል። መለያ ቁጥሩ ባይነበብ እንኳ በሩ ይመሰክራል። በማንኛውም ሁኔታ የቀድሞው ጽሑፍ አይፋቅ፤ እርማቱ ከነምክንያቱ በተለየ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑም ሳይገለጽ አይቅር።

የኔጋቲቭ ሳጥን ሲከፈት የአቼቶ ሽታ ከወጣ ፊልሙ እየፈረሰ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል፣ ከሳጥኑ የሚወጣው አሲድም ወደ ጤነኞቹ ይተላለፋል። የሚሸቱትን ለይቶ አየር በሚያገኝ የወረቀት ፖስታ ማስቀመጥና ሳይዘገዩ በስካነር መቅዳት ያስፈልጋል።

ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ሲጠፋ

ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት መሐል የተገዛ የክንፍ ላሜራ ቀልጦ ድስት ከመሆን መትረፉ ያስደስታል፤ ሆኖም የመንግሥት ንብረት ወይም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ከመጠገኑ፣ ከመሸጡ ወይም ከአገር ከመውጣቱ በፊት ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወስዶ መጠየቅ ይገባል። የተገዛበት ቀን፣ ቦታና ዋጋ፣ በላዩ ያለው የክፍል ቁጥርና ሻጩ ስለ ዕቃው የተናገረው በዚያው ዕለት ይመዝገብ።