ሰርቨሩን በሐበሻ ሰዓት አትሙሉት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የቢሮ ሰርቨር ሲያስቸግር ጣት ቶሎ የሚቀሰረው መብራት ላይ ነው። ከመብራቱ በፊት ግን ሰዓቱን እዩት።

ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ተፈልጎ ክሮን ላይ፣ ማለትም ሥራን በተያዘለት ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም ላይ፣ በሰዓቱ ቦታ 8 ይጻፋል። ለሰርቨሩ 8 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ባክአፑም ዲስኩን ይይዘዋል፤ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፤ ኔትወርክ ነው ይባላል። ለሌሊቱ 8 የሚጻፈው 2 ነው፤ ያውም የሰርቨሩ የሰዓት ቀጠና የአዲስ አበባ ከሆነ። ዩቲሲ ላይ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) እንደተተወ ከሆነ 2 ብላችሁ የጻፋችሁት የሚነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ስለሆነ 23 ጻፉ። ሥራው በሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቀኑንም በአንድ ወደ ኋላ መልሱ።

ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ሰርቨሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሲመለስ በቅርቡ የወጣ የድረ ገጽ ደህንነት ሰርተፊኬት ሁሉ ጊዜው ያልደረሰ ይመስለዋል። ኡቡንቱ አፕዴት አይቀበልም፤ የስልክ አፕሊኬሽን የሚያወጣው ባለ 6 አሃዝ የመግቢያ ኮድም አይሠራም። የዳታቤዝ የቀን ዓይነት 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጥቅምት 30ም 02-30 ተብሎ ሲገባ ስህተት ይሆናል። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ በፈረንጆቹ ይቀመጥ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲታይና ደረሰኝ ሲታተም ብቻ ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 ናት። ሰርቨሩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ባትሪዋን ቀይሩ። ሲነሳ መጀመሪያ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ቀኑንና የዲስኩን ሬይድ ቅንብር (ዲስኮቹ ተጣምረው የሚሠሩበትን) አረጋግጡ። ይህን ችላ ስትሉ ባክአፑ በተሳሳተ ቀን ይሰየማል፤ ሰዓቱ ሲስተካከል አሮጌ ፋይል የሚያጸዳው ስክሪፕት አዲሱን ባክአፕ እንደ አሮጌ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒ የተባለ ፕሮግራም ጫኑ፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ አንዱ ሰርቨር የሰዓት ምንጭ ይሁንና ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ።

ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ ላይ) አይሰካም። ማሞቂያው ሲነሳ ብዙ መቶ ዋት በአንዴ ይስባል፤ ዩፒኤሱ ይጮህና ሰርቨሩን ይዞት ይወድቃል።

ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው 1000 ቪኤ ማለት 1000 ዋት አይደለም፤ ብዙዎቹ ላይ 600 አካባቢ ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ውስጥ በተዘጋ ክፍል ያለ ዩፒኤስ ደሴ ካለው ቀድሞ ይደክማል። የሚያሳዝነው ግን ዩፒኤሱን ከሰርቨሩ የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድ ከነፌስታሉ ካርቶን ውስጥ መቅረቱ ነው። ሰካችሁት ነት የሚባለውን ሶፍትዌር ብትጭኑ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል።

ዲስኩ ሞልቶ ትልቁን ሎግ (ፕሮግራሙ የሥራውን መዝገብ የሚጽፍበትን ፋይል) ሰርዛችሁ ቦታው ካልተለቀቀ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም አልዘጋውም ማለት ነው። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሱት። ለወደፊቱ ሎጉን አትሰርዙ፤ ይዘቱን ባዶ አድርጉት።

ደሴ ተቀምጦ የኮምቦልቻን ፋየርዎል (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠረውን) የሚነካ ሰው ከ5 ደቂቃ በኋላ የድሮውን ሕግ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድሞ ይያዝ። ከርቀት የሚገባበት ፖርት 22 ከተዘጋበት መኪና ፍለጋ መውጣቱ ነው።

ሬይድ አንዱን ፋይል ሁለት ዲስክ ላይ ቢጽፍም ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። አንድ ቅጂ ደሴ፣ አንድ ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ለሁሉም ነገር አይበቃም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ የተያዙት በቀናት ውስጥ ነበር። ሦስተኛው ቅጂ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከወሎ ውጭ ይቀመጥ። በየወሩ አንዱን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱና ቅጂው ከመወሰዱ በፊት የተቆረጠውን የመጨረሻ ደረሰኝ በቁጥሩ ፈልጉት።