የታመመ ሰው "ስንት ጊዜ ቀረኝ" የሚለውን ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ እንዴት እንጠይቀው

ጅማ ሆስፒታል አስታሞ የሚያውቅ ሰው ይሄን ነገር አይቶታል፣ ውጤት ሲመጣ "ቤተሰብ ማነው?" ይባላል፣ ታላቅ ወንድም ወይ አጎት ተጠርቶ ኮሪደር ላይ ይነገረዋል፣ ፊቱን ታጥቦ ይመለስና ለበሽተኛው "ጨጓራ ነው አሉ፣ ቀላል ነው" ይለዋል። ከዛ ቀን ጀምሮ አልጋው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቀው የተኛው ሰውዬ ብቻ ነው። ይሄን የሚያደርገው ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፣ መርዶ እንኳን ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ማንም ሰው ላይ ዱብ እዳ እንዳይሆን። ግን ሰውዬው ማወቅ ይፈልግ አይፈልግ ማንም አልጠየቀውም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ፣ ማወቅ አለመፈለግም መብት ነው፣ ፍርሃት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በፈረንጆቹ 2017 ጊገረንዘር እና ጋርሲያ ሬታሜሮ የሚባሉ ተመራማሪዎች ጀርመንና ስፔን ውስጥ ከ2000 በላይ ሰው ጠይቀው ነበር፣ ወደፊት የሚመጣባቸውን ክፉ ነገር፣ የሚሞቱበትን ጊዜ ጨምሮ፣ አስቀድመው ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ፣ ከ85 እስከ 90 ከመቶው አንፈልግም ነው ያሉት። እኛም ጋር ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ። መዝሙረኛው "አቤቱ ፍጻሜዬን አስታውቀኝ" ብሎ ይለምናል፣ ሱረቱ ሉቅማን ደግሞ ማንም ነፍስ በየት ምድር እንደምትሞት አታውቅም ብሎ ይዘጋዋል፣ እና አንድ ቤት ውስጥ አባትየው ቁርጡን ንገሩኝ ሲል እናትየዋ የበሽታውን ስም አትጥሩብኝ ልትል ትችላለች። ስለዚህ ከሌላ ሰው ገምታችሁ አትወስኑ።

ጥያቄው የሚጠየቀው ውጤት ሳይመጣ ነው። ባዮፕሲ (ለምርመራ ከሰውነት የሚቆረጥ ትንሽ ናሙና) ተወስዶ እየተጠበቀ ያለበት ጊዜ ምርጥ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ እናንተም ምንም አታውቁም፣ የምትደብቁት ነገር ስለሌለ ፊታችሁ አያሳብቅም። "አባዬ፣ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ላንተ ይንገርህ ወይስ እኔ ልስማው?" በቃ ይሄው ነው። አንቱ ለምትሉት ሰው "ጋሼ፣ ሁሉንም ነገር እርስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለኛ ይተዉታል?" በሉ። ሰው በሚበዛበት የጥየቃ ሰዓት አይሆንም፣ ጠያቂው ሁሉ ፔርሙዙን ይዞ ከወጣ በኋላ ማታ ላይ ይሻላል። ይሄን ጥያቄ የሚያነሳው ሰው ደግሞ የግድ የበኩር ልጅ መሆን የለበትም፣ በሽተኛው ሚስጥር የሚያወራው ለማነው? የልጁ ሚስት ልትሆን ትችላለች፣ የእህቱ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሰው ይጠይቅ።

አንዳንዴ ደግሞ በሽተኛው ራሱ ይጠይቃል፣ ግን በቀጥታ አይደለም። እኛ ዘመድ ስናስታምም አጠገባችን ካለው አልጋ በአጋሮ በኩል የመጡ አንድ ቡና ገበሬ ተኝተው ነበር። አንድ ከሰዓት ልጃቸውን በኦሮምኛ "ዘንድሮ ቡናውን ማን ሊለቅመው ነው?" አሉት። ልጁ "አንተ ነሃ፣ ምን ሆነህ!" ብሎ ሳቀ፣ እሳቸውም ብርድ ልብሱን ስበው ዝም አሉ። በማግስቱ ታናሽ እህታቸው ስትመጣ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፣ እሷ ግን አልሳቀችም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "ምን አስበህ ነው?" አለቻቸው። ሻዩ እጃቸው ላይ እስኪቀዘቅዝ አወሩ፣ ያለወረቀት ከጎረቤት የገዙት ማሳ አለ፣ ያበደሩት ብር አለ፣ ትንሿ ልጅ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ይፈልጋሉ። "ማን ሊለቅመው ነው" ማለት ምን ማለት እንደነበር እህትየዋ ገብቷታል። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ስትሰሙ "አይዞህ ትድናለህ" አትበሉ፣ "ምን አስበህ ነው?" በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ቢሆንም ቻሉት።

ማወቅ እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ ሐኪሙን አብራችሁ ጠይቁት። "መቼ ነው የሚሞተው" የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። እንዲህ በሉ፣ በቀን ነው የምናስበው፣ በሳምንት፣ በወር ወይስ በዓመት? ጥሩ ከሄደ እስከምን ድረስ፣ ከከፋስ? ሐኪሙ እንደዚህ ሲጠየቅ የሚመልሰው ነገር ያገኛል። እናንተም የምታዩት ምልክት አለ፣ አቅሙ ከወር ወር እየቀነሰ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው በወር የሚቆጠር ነው፣ ከሳምንት ሳምንት ከሆነ በሳምንት፣ ከቀን ቀን ከሆነ በቀን፣ ይሄ ግምት ነው ግን ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል።

የተነገራችሁን ቁጥር ደግሞ እንደ ቀጠሮ አትያዙት። በ2000 እ.ኤ.አ የታተመ የቺካጎ ጥናት 343 ሐኪሞች ለ468 በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ታካሚዎች የሰጡትን ግምት ሲያየው በትክክል የተገመተው 20 ከመቶው ብቻ ነበር፣ 63 ከመቶው ላይ ሐኪሞቹ ከሆነው በላይ ረጅም ጊዜ ነው የገመቱት፣ እና በሽተኛውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ ሐኪሞች ይብስ ይሳሳቱ ነበር፣ እነሱም ሰው ናቸው፣ ለሚያውቁት ሰው ይሳሳሉ። ስለዚህ ስድስት ወር ከተባለ የሚደረገውን ነገር ለአምስተኛው ወር አታቆዩት። በሌላ በኩል ስቲቨን ጄይ ጉልድ የሚባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1982 ካንሰር ሲገኝበት የበሽታው መካከለኛ ዕድሜ 8 ወር ነው የሚል አነበበ፣ ያ ማለት ግን ግማሹ ሰው ከ8 ወር በላይ ይኖራል፣ አንዳንዱም በጣም ብዙ ይኖራል ማለት ነው፣ እሱ 20 ዓመት ኖረ። ኢንተርኔት ላይ ዕድሜና ክብደት አስገብታችሁ የሞት ቀን የሚያወጡትን ነገሮች ግን ተዉአቸው፣ ከብዙ ሰው አማካይ ነው የሚያወጡት፣ ስለ እናንተ በሽተኛ ምንም አያውቁም።

በሽተኛው "ስንት ጊዜ አለኝ" ሲላችሁ እናንተም "ለምን ነገር ፈልገኸው ነው?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚጠይቀው፣ ለአረፋ እደርሳለሁ? ለፋሲካ? አረብ አገር ያለችው ልጄ እስክትመጣ? ያኔ መልሱ ይቀላል፣ ሐኪሙም "ልጅቷ አሁኑኑ ትምጣ" ማለት ይችላል፣ ያ ለሰውዬው ከማንኛውም ቁጥር በላይ ይጠቅመዋል።

አልፈልግም ካለስ? "እሺ፣ ታዲያ ማን ይወቅልህ?" ብላችሁ ስም አስጠሩት፣ ከዛ ያንን ሰው ብቻ አሳውቁ፣ አልጋው ላይ ተደፍቶ የሚያለቅስ ዘመድ ካለ በሩ ላይ ያዙት፣ ስልክ ላይም በሽተኛው አጠገብ ቆማችሁ አታውሩ። ቀኑን ሳያውቅም ግን ቤቱን ማስተካከል ይችላል፣ "ለሁላችንም ነው፣ እኔም የራሴን ልጽፍ ነው" ብላችሁ ኑዛዜ አንሱለት (እንደዛ ካላችሁት ደግሞ በእውነት ጻፉ)። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና 4 ምስክሮች ባሉበት ተነቦ ወዲያው ሁሉም ይፈርሙበታል፣ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከምስክሮቹ አንዱ ከሆነ 2 ይበቃል። ራሱ የሚጽፈው ከሆነ ሁሉንም በገዛ እጁ መጻፍ አለበት። አልጋ ላይ ሆኖ ለሁለት ሰው በቃል የተናገረው ኑዛዜ ግን ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና እስከ 500 ብር ለሚደርስ ስጦታ እንጂ ቤትና መሬት ላይ አይሰራም፣ ስንት ወንድማማች የተጣላው በዚህ ነው። ሙስሊም ከሆነም ወሲያው (ኑዛዜው) ከንብረቱ ሲሶ እንደማያልፍ ኢማሙን ጠርታችሁ አስረዱት።

ዛሬ አልፈልግም ያለ ሰው ሌላ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፣ በተለይ ሕመሙ ሲቀየር ወይም መድኃኒት ሲቆም። ያኔ "ያን ጊዜ አልፈልግም ብለኸኝ ነበር፣ አሁንም እንደዛው ነህ?" በሉት፣ እንደዛው ነኝ ካለ ወሬውን እሱ ወደ ፈለገው ውሰዱት።