የጃፓን የተፈጥሮ መሳያ ድንጋይ፦ ጭቃውን እንዳታጥቡት

መጀመሪያ እንግባባ፣ የተፈጥሮ ድንጋይ የዶለዶመ ቢላ ለማዳን አይደለም፣ ልሞክር ካላችሁ ስትገፉ ትውላላችሁ። ስራው ማጨረሻ ነው። ስለቱን በፋብሪካ ድንጋይ 1000 (ይሄ ግሪት የሚሉት የድንጋዩ ድቀት ቁጥር ነው፣ ሲበዛ ይደቃል) ላይ አውጡት፣ ከዛ 3000 ወይም 5000 ላይ የ1000ው ጭረት እስኪጠፋ ስሩ። ይሄን ከዘለላችሁ የተፈጥሮው ድንጋይ ጭረቱን አያጠፋላችሁም፣ እንደውም አጉልቶ ያሳያችኋል።

ድንጋዩ የሚወጣው ኪዮቶ አካባቢ ካሉ ተራሮች ነው፣ የማጨረሻውን አይነት አዋሴዶ ይሉታል። ናካያማ፣ ኦሂራ፣ ኦዙኩ፣ ሾቡዳኒ ሲባል የምትሰሙት የማውጫ ቦታዎቹ ስም ነው፣ አብዛኞቹ ስለተዘጉ ነው ዋጋው እንደዛ የሚያስደነግጠው። ድሮ ድሮ ባህር ወለል ላይ ራዲዮላሪያ የሚባሉ በአይን የማይታዩ ፍጥረታት የሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) ቅርፊት ከደቃቅ ጭቃ ጋር እየተደራረበ ጠጥሮ ነው የተሰራው፣ ስለዚህ ንብርብር ነው፣ ከአንድ ተራራ የወጡ ሁለት ድንጋዮች እንኳን አይመሳሰሉም። የግሪት ቁጥርም የለውም፣ ሻጩ ይሄ 8000 ነው ካላችሁ ግምቱን ነው የነገራችሁ።

እና በስም አትግዙ። እኔ የመጀመሪያዬን ማህተሙን አይቼ ነው የገዛሁት፣ መስታወት የመሰለ ጠንካራ፣ ለምላጭ የሚሆን ድንጋይ፣ ያናጊባዬን (ረጅም የጃፓን የዓሣ ቢላ ነው) ሳሳርፍበት ለስላሳውን ብረት ቧጭሮ ቧጭሮ ድመት የተጫወተችበት አስመሰለው። ያናጊባ፣ ኡሱባ፣ ዴባ የሚባሉት በአንድ ጎን ብቻ የተሳሉ የጃፓን ቢላዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብረት ናቸው፣ ስለቱ ጠንካራው ሃጋኔ፣ የቀረው ለስላሳው ጂጋኔ። ሰፊውን ገጽ ለማሳመር ለስለስ ያለና ጭቃ (በውሃ ሲታሽ ከድንጋዩ የሚወጣውን) በቀላሉ የሚሰጥ ድንጋይ ነው የምትፈልጉት፣ ጂጋኔው እንደ ጉም ይደበዝዛል ሃጋኔው ብራ ብሎ ይለያል፣ ካሱሚ የሚሉት ይሄን ነው። ጠንካራውን ድንጋይ ለስለቱ ጫፍ ብቻ አስቀሩት። ቫናዲየም የሚባለው ማዕድን የበዛበት የፓውደር ብረት (ከብረት ዱቄት የተሰራ) ቢላ ካላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ብረቱ ውስጥ ያለው ጠንካራ ቅንጣት፣ ካርባይዱ፣ ከድንጋዩ ሲሊካ ስለሚጠነክር ድንጋዩ አይበላውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍራችሁን ድንጋዩ ላይ ጎትቱ፣ የሚይዛችሁ መስመር ካለ ቢላውን ሊጭር ይችላል።

አሁን ወደ ስራው። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ሊሰነጠቅ ወይም በንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል፣ ላዩን ረጨት ማድረግ ይበቃል። ከዛ ቶሞናጉራ በምትባለው ትንሽ ድንጋይ ወይም በደቃቅ ዳይመንድ ፕሌት (የአልማዝ ቅንጣት የተለጠፈበት ሰሌዳ) አሸት አሸት አድርጋችሁ ጭቃ አውጡ፣ እርጎ አይሁን፣ ወተት ከመሰለ ይበቃል። ቢላውን በገጹ አስተኙና ጣታችሁን ስለቱ አጠገብ አድርጋችሁ ግፉ፣ መጀመሪያ መጠነኛ ጫና፣ እየቆየ የእጃችሁ ክብደት ብቻ። ትንሽ ቆይቶ ጭቃው ይጠቁራል፣ ያ ጥቁር ከቢላው የተፋቀ ብረት ነው። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፣ ቆሸሸ ብሎ ያጥበዋል። ተዉት! የሚሰራላችሁ እሱ ነው፣ እየተፈጨም ይደቃል። ደረቅ ሲል በጣታችሁ ጠብታ ውሃ ጨምሩ። ድንጋዩ ቢላውን ሳብ፣ ያዝ ማድረግ ሲጀምር ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ጭራሽ እስኪጣበቅ አታድርቁት ይጭራል።

ሰፊው ገጽ ካማረ በኋላ ጭቃውን አሁን እጠቡና በንጹህ ውሃ ስለቱን ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ በጣም በቀስታ ሂዱበት፣ ከዛ ገልብጣችሁ ከጀርባው በኩል ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ አንድ ሁለቴ። በጣት ስትነኩት የሚሰማችሁ ስስ የብረት ጠርዝ እስኪጠፋ ደጋግሙ። ካርቦን ብረት ከሆነ ወዲያው አጥባችሁ አድርቁት፣ እርጥብ ጭቃ እንደያዘ ካስቀመጣችሁት ሻይ ጠጥታችሁ ሳትመለሱ ዝገት ይጀምረዋል።

ድንጋዩ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ፀሐይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አይሆንም። ጎንና ታቹን ላከር ቀቡት፣ ጃፓኖቹ ኡሩሺ የሚባለውን የዛፍ ላከር ይቀባሉ፣ የጥፍር ቀለምም ይሰራል። ውሃ እንደያዘ በረዶ የሚሰራበት ቦታ ካደረ ግን ጠዋት ሁለት ድንጋይ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።