ካርጎ ወይስ መንገደኛ? መጀመሪያ ሮስተሩን ተመልከቱ

ፈርስት ኦፊሰር (ረዳት አብራሪ) ሆነው ጥቂት ዓመት የሠሩ ልጆች ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ካፒቴን፣ ካርጎ ይሻላል መንገደኛ?» ሁለቱንም አብርሬያለሁ። ከቦሌ እየተነሳሁ በቦይንግ 737 ሰው ሳመላልስ ኖሬ፣ አሁን ባሕረ ሰላጤው አካባቢ 777 ካርጎ ላይ ነኝ። እኔም መልሼ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» እላለሁ። ይስቃሉ። እነሱ የፈለጉት ስለ ደመወዝና ስለ ክብር እንድነግራቸው ነው።

ደመወዝ የሚለያየው ከኩባንያ ኩባንያ እንጂ ካርጎ በመሆንና ባለመሆን ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጥቅል መልእክት አመላላሾቹ የዩፒኤስና የፌዴክስ አብራሪ ትልልቆቹ የመንገደኛ አየር መንገዶች ከሚከፍሉት ጋር የሚወዳደር ገንዘብ ያገኛል፤ አነስተኛ ቻርተር (አውሮፕላኑን ለፈለገው ደንበኛ የሚያከራይ ኩባንያ) ላይ ያለው ደግሞ ያን አያይም። ስለዚህ ገንዘቡን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉትና ሮስተር፣ ማለትም አብራሪው መቼና ወዴት እንደሚበር የሚያሳየውን የወር ፕሮግራም፣ ፈልጉ።

ልትገቡበት ባሰባችሁት ኩባንያ የሚሠራ ሰው አታጡም። የሁለት ወር ሮስተር ለምኑት፤ አንዱ ሥራ የሚበዛበት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ወር ይሁን። ለካርጎ ኖቬምበርና ዲሴምበር የገና ዕቃ የሚጋዝበት ጊዜ ነው። የቻይና አዲስ ዓመት ላይ ፋብሪካው ሲዘጋ ከሆንግ ኮንግና ከጓንጁ የሚነሳው ጭነት ይሳሳል። በዚያው ሰሞን ግን ከባቱ፣ ከሆለታና ከሰበታ የሚመጣው ጽጌረዳ ለፌብሩዋሪ 14 የፍቅረኞች ቀን አውሮፓ መድረስ ስላለበት ቦሌ ላይ እረፍት የለም። ወሩን ሳታውቁ ሮስተር ብታዩ ምንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያልፈውን በረራ ሁሉ አክብቡ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውነታችሁ በለመደው አገር ሰዓት እንጂ በምታርፉበት አገር አይደለም። ይህ የአራት ሰዓት መስኮት ሰው ከሁሉም በላይ የሚደክምበት ስለሆነ የበረራ ሰዓት ሕጎችም ለብቻው ያዩታል። ከቀዩ ብዛት ይልቅ አቀማመጡን እዩ። አንድ ቀይ፣ ከዚያ ሁለት ቀን እረፍት፣ እንደገና አንድ ቀይ ከሆነ ይቻላል። ሦስት ቀይ ተከታትሎ፣ በመካከሉ ቀን ላይ ሆቴል ውስጥ መተኛት ካለ ግን ራሳችሁን በሐቀኝነት ጠይቁ፤ ጎረቤት ግድግዳ እየበሳ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ በር እያንኳኳች ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መተኛት ትችላላችሁ? አንዳንዱ ሰው ትራሱን ሲነካ ያንኮራፋል። እሱ ለካርጎ የተፈጠረ ነው። የማይችለው ሰው ከጊዜ ጋር እለምደዋለሁ ብሎ ራሱን ባያታልል ይሻላል፤ አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል ባለፉት ዓመታት ይበልጥ የባሰበት እንጂ የለመደው አላየሁም።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የአብራሪዎች የእረፍት ሕግ የመንገደኛ በረራን እንጂ የካርጎን አያስገድድም። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ወራት ሲቀሩት፣ ኦገስት 14 ቀን 2013 የዩፒኤስ ኤርባስ 300 በርሚንግሃም፣ አላባማ ገና ሳይነጋ ሊያርፍ ሲል ወድቆ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ፤ ከምርመራው ግኝቶች አንዱ ድካም ነበር። ሕጉ ግን እስካሁን እንደዚያው ነው። ስለዚህ እዚያ ካርጎ ለመግባት ስታስቡ የአብራሪዎቹ ማኅበር ከኩባንያው ጋር የተፈራረመውን የጋራ ስምምነት አንብቡ፤ እረፍታችሁን የሚጠብቀው በአብዛኛው እሱ ነው።

«ካርጎ» ሲባል አንድ ሥራ መስሏችሁ እንዳትገቡ። ሜምፊስ፣ ሉዊቪል ወይም ላይፕሲግ ላይ ያሉት የጥቅል መልእክት ድርጅቶች አመሻሽ ላይ ዕቃውን ከየከተማው ሰብስበው እኩለ ሌሊት አካባቢ ይለያሉ፤ ከመንጋቱ በፊት መልሰው ይበትናሉ። ሌሊቱ የማያቋርጥ ነው፣ ግን ፕሮግራሙ ይታወቃል፤ ልደት መያዝ፣ ሠርግ መቁረጥ ይቻላል። እኔ የምሠራው ዓይነት ረጅም ርቀት ደግሞ ከሊዬዥ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሆንግ ኮንግ እያለ ሌሊቱንም ቀኑንም ይቀላቅላል። ሦስተኛው ቻርተር ነው። እዚያ ሻንጣ አዘጋጅቶ የወጣ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ላይመለስ ይችላል፣ የሚቀጥለው ከተማም ማታ በስልክ ይነገረዋል። ወጣት፣ ያላገባና አገር ማየት የሚወድ ይሂድበት። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት ሮስተሩን ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ ለሷ በቃል መንገር በቂ አይደለም።

አሁን ማንም ስለማይነግራችሁ ነገር፣ ስለ ጭነቱ። ሎድማስተሩ (የጭነቱ ኃላፊ) ከመነሳታችን በፊት ኮክፒት ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት ያስፈርመኛል። የአደገኛ ዕቃ ማስታወቂያ ነው፤ ምን ዕቃ በየትኛው ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ)፣ በየትኛው ቦታ እንደተጫነ ይዘረዝራል። ዩኤን 3480 የሚል ካየሁ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው፤ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድ ስለተከለከለ ወደ እኛ ይመጣል። እሱን ሳይ እጄ ትንሽ ይዘገያል። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሳው የዩፒኤስ 747 ውስጥ እሳት የተነሳው እንዲህ ዓይነት ባትሪ ከያዘ ጭነት ነው፤ ሁለቱ አብራሪዎች በጭሱ ምክንያት መሣሪያቸውን እንኳን ማየት ተስኗቸው ነበር። በብዙ ካርጎ አውሮፕላን ዋናው ወለል ላይ እሳት የሚያጠፋ ጋዝ የለም። ኦክሲጅን ጭምብል አጥልቀን፣ የአየር ፍሰቱን ዘግተን፣ ግፊቱን አውጥተን እሳቱን አየር እናሳጣዋለን፤ ከዚያ ቅርብ ወዳለ ማኮብኮቢያ መሮጥ ነው። ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሠለጥን መሣሪያ) ላይ ይህን ልምምድ ስትሠሩ ልባችሁን ስሙት።

ማሰሪያውም እንዲሁ። ኤፕሪል 29 ቀን 2013 አፍጋኒስታን፣ ባግራም ላይ የወደቀው 747 ውስጥ ቢያንስ አንድ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ከማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ኋላ ነበር የተንሸራተተው፤ ሰባቱም የበረራው ሰዎች አለቁ። ጥሩ ካርጎ አብራሪ ወለሉ ላይ ወርዶ መቆለፊያውን በዓይኑ ያያል። ይህ የሚሰለቸው ሰው መንገደኛ ላይ ይቆይ።

መንገደኛ ላይ ያለውስ ምን ያገኛል? እጅ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ እያለ በቀን አራት ጊዜ የሚያርፍ ልጅ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያገኘውን የማረፍ ልምድ፣ ረጅም ርቀት ካርጎ ላይ አራት አብራሪ ሆኖ የሚበር ሰው አያገኘውም። ከመካከላቸው የሚያሳርፈው አንዱ ነው፤ ሕጉ በ90 ቀን ሦስት መነሳትና ሦስት ማረፍ ስለሚጠይቅ አንዳንዴ ለዚህ ሲባል ሲሙሌተር ይገባሉ። ስለዚህ ገና የበረራ ሰዓት ለምትሰበስቡ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ መጀመሪያ አጭር ርቀት መንገደኛ። ካርጎው የትም አይሄድም።

ሌላው ሰው ነው። የሚሰክር፣ የሚጣላ፣ አየር ላይ የሚታመም ይኖራል፤ በረራ ሲዘገይ ማይክ ይዞ ይቅርታ መጠየቁም አለ። ግን ከቤሩት ወይም ከጅዳ የሚመለሱ እናቶች ሲወርዱ በሩ ላይ ቆመው የሚሰጡት ምርቃት አለ፣ እሱ ይናፍቀኛል። ጽጌረዳ አይመርቅም። በምትኩ ዝምታ አለ፤ ከኮክፒቱ ጀርባ አራት መቀመጫና ሁለት አልጋ፣ ምግቡን ራሳችን እናሞቃለን፣ እኔ በሶና ቆሎ ይዤ ነው የምገባው።

ከቦሌ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከፍታው አለ። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ቀን ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑ ሊያነሳ የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ከባድ ጭነት ማታና ሊነጋጋ ሲል መነሳቱን የሚወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀይ እስክሪብቷችሁ እዚህም ሥራ ያገኛል።

በመጨረሻ የአውሮፕላኑን ዓይነት እዩ። 777ና 737-800 ካርጎም መንገደኛም አላቸው፤ ታይፕ ሬቲንጋቸው (ያን ዓይነት አውሮፕላን ለማብረር የሚሰጠው ፈቃድ) ለሁለቱም ስለሚያገለግል ሐሳባችሁን ብትቀይሩ በር አይዘጋባችሁም። በአንዳንድ አየር መንገድ አንድ አብራሪ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ሊበር ይችላል። ካርጎ ላይ ብቻ የቀረ አሮጌ ዓይነት ላይ መሠልጠን ግን ገበያውን ያጠብባል። ገበያውም ይገለባበጣል። በ2020 መንገደኛው ሲቆም የኢትዮጵያ አየር መንገድ መቀመጫ እያወጣ አውሮፕላኖቹን ወደ ጭነት ቀይሮ ነበር፤ በ2023 ደግሞ ፌዴክስ ትርፍ አብራሪ ኖሮበት ወደ መንገደኛ አየር መንገድ እንዲያመለክቱ ሲገፋፋ አየን።

ውሉ ሲመጣላችሁ የደመወዙን ገጽ ዘልላችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ለታይፕ ሬቲንጉ ስንት ዓመት እንደምትታሰሩና ብትለቁ ዕዳው በየዓመቱ ይቀንስ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ያለ ፈቃዳችሁ ከካርጎ ወደ መንገደኛ ወይም ወደ ሌላ መነሻ ከተማ ሊያዛውራችሁ ይችል እንደሆነ። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ቃለ መጠይቁ ላይ በቃል የተባለውን አትመኑ፤ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት።