የላፕቶፕ ማዘርቦርድን ያለ ማብሪያ ቁልፍ እንዴት ማስነሳት ይቻላል

ማብሪያው ከኪቦርዱ ጋር የተሠራ ላፕቶፕ ላይ ሻይ ሲፈስ፣ ኪቦርዱ ከነማብሪያው ሞቶ ማዘርቦርዱ ሊተርፍ ይችላል። ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ኪቦርድ ከአዲስ አበባ ከማስመጣት በፊት ቦርዱ መነሳቱን ማየት ገንዘብ ያድናል።

ማብሪያው ለላፕቶፑ የሚሄደውን ኃይል አያሳልፍም። አብዛኛውን ጊዜ 3.3 ቮልት ያለበትን ቀጭን መስመር ለቅጽበት ከግራውንድ (ከቦርዱ ዜሮ ቮልት) ጋር ያነካካል፤ ይህን ያየው ተቆጣጣሪ ቺፕ ሌላውን ሁሉ ያስነሳል። ዋናው ሥራ መስመሩን ማግኘት ነው።

ትንሽ ካቻቢቴ፣ መልቲሜትር፣ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ)ና የራሱን ቻርጀር አዘጋጁ።

1. ቻርጀሩን ነቅላችሁ ክፈቱት፤ ወዲያው የባትሪውን ሶኬት አውልቁ። ፈሳሽ ከገባበት ከ90 ፐርሰንት በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ፤ በደንብ ሳይደርቅ ኃይል አትስጡት።

2. ቦርዱን ደረቅ ካርቶን ላይ አድርጉ። ራም፣ ሂትሲንክ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚስበው ብረት) እና ፋን አይውለቁ። ያለ ሂትሲንክ ፕሮሰሰሩ በሰከንዶች ግሎ ራሱን ያጠፋል።

3. መስመሩን ፈልጉ። ቦርዱ ላይ በታተመው ቁጥር የሰርኪዩት ስዕሉን ማግኘት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። ካልተገኘ ቻርጀሩን ሰክታችሁ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ባለው ብረት (ግራውንዱ ይህ ነው) ላይ፣ ቀዩን ደግሞ የማብሪያው ኬብል በሚገባበት ሶኬት ፒኖች ላይ በየተራ አድርጉ። 3.3 አካባቢ የሚያሳየው እጩ ነው። ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የክዳኑ ሴንሰርም የፊደል ቁልፎቹ መስመሮችም ተመሳሳይ ቮልት ይይዛሉ። ጫፉ ተንሸራቶ ሁለት ፒን እንዳያገናኝ፤ ቦርድ በብዛት የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

4. የሬዚስተሩን አንድ እግር ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን እጩው ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ነክታችሁ ልቀቁ። በባዶ ሽቦ አትሞክሩ። በስህተት 19 ቮልት ያለበትን ብትነኩ በሬዚስተሩ የሚያልፈው 19 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ በሽቦ ቢሆን ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ከ4 ሰከንድ በላይ ከያዛችሁት የተነሳው ቦርድ መልሶ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው "አልሠራም" የሚለው በዚህ ነው።

ብዙ የማክቡክ ቦርዶች ላይ ለዚሁ የተሠሩ ሁለት ጎን ለጎን ነጥቦች አሉ፤ እነሱን በወረንጦ ለአፍታ ማገናኘት ይበቃል። ያለ ባትሪ ከተነሳ በጣም ሊንቀራፈፍ ይችላል፤ ብልሽት አይደለም።

3.3 ቮልት የትም ከጠፋ ችግሩ ከማብሪያው ሳይሆን ከቻርጀሩ፣ ከኃይል መግቢያው ወይም ከቦርዱ የኃይል ክፍል ሊሆን ይችላል። ፋኑ ዝም ካለም አትቸኩሉ፤ አንዳንዱ ፋን ሳያዞር ይነሳል፣ ስክሪን ሰክታችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል።

አንዴ ከተነሳ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። ቻርጀር ሲሰካ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ ካለ አብሩት፤ ኪቦርዱ እስኪመጣ በዩኤስቢ ኪቦርድ ያሠራችኋል።