የሕፃናት ጥበቃ በጀት ከ72 ሰዓቱ ይጀምር

ሕፃናትን ከወሲባዊ ብዝበዛ ለመጠበቅ የወጣ ፖሊሲ በበጀት ሰነዱ ላይ የራሱ የወጪ ኮድ (ገንዘቡ ለብቻው የሚታይበት መለያ ቁጥር) ከሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። «ማኅበራዊ ጉዳይ» በሚል ሰፊ ርዕስ ሥር የተሸጎጠ ገንዘብ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ሥራ ቢዛወር ማንም ልብ አይለውም።

ስለዚህ የበጀት ጥያቄ የምታዘጋጁ ሁሉ አስቀድማችሁ ኮዱን አስከፍቱ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 34 ጥበቃውን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። የገንዘብ ባለሙያን ለማሳመን ግን የሚሻለው የስምምነቱ ኮሚቴ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 19 ነው፤ ጉዳዩ በቀጥታ የመንግሥት በጀት ነውና።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ብዙ ረቂቆች ፖስተርና አውደ ጥናት ያስቀድማሉ፤ ይህ ነገሩን መገልበጥ ነው። ግንዛቤ ሲሰፋ ጥቆማ ይበዛል፣ ተቀባይ ከሌለ ደግሞ ልጁ ተናግሮም ሜዳ ላይ ይቀራል። ቆጠራው ልጁ ከተናገረበት ሰዓት ይነሣ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጤና ተቋም የደረሰች ልጅ «ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተመለሺ» ከተባለች 36ቱ ሰዓት እዚያው ተቃጠለ። እንግዲህ የሌሊትና የበዓል ቀን ተረኛ አበል፣ በልጅ ክብደት የሚለካ መድኃኒት፣ የመኪናው ነዳጅ ሳይቀር በዝርዝር ይግቡ።

ቃል መቀበያው ክፍል ሌላው ወጥመድ ነው። ልጁ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ እየደጋገመ እንዳይናገር አንዴ ተጠይቆ በምስል ይቀረጻል። አይስላንድ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረገችው ለዚሁ ነው። ካሜራው ከካፒታል በጀት ይገዛል፤ ጠያቂው ባለሙያ የሚከፈለው ግን ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ከሚሸፈንበት ከመደበኛው በጀት ነው። አንዱ ጸድቆ ሌላው ሲወድቅ ክፍሉ የካርቶን መጋዘን ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ አያይዙ።

በኢንተርኔት የሚሠራጩ የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን ለሚመረምሩ መርማሪዎች የሥነ ልቦና ድጋፍም ይታሰብ፤ ያለሱ ባለሙያው አይሰነብትም።

መለኪያችሁ «የጥቆማ ቁጥር መቀነስ» አይሁን፤ እንዲህ ያለ ግብ መዝጋቢውን ዝም ያሰኘዋል። ከጥቆማ እስከ ሕክምና የፈጀውን ሰዓትና አንድ ልጅ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ቁጠሩ። ገንዘቡም እንደ ደመወዝ በየወሩ እንዲለቀቅ ጠይቁ፤ በመጨረሻው ሩብ ዓመት ተጠራቅሞ የመጣ ገንዘብ ለግዢ እንጂ ለተረኛ አይደርስም።